ኒኮቲን ፓውች ለማቆም የትኛው መንገድ ይሻለኛል? ከቆጠራው ጀምሮ ደረጃ በደረጃ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ መድኃኒት ቤት ውስጥ እሠራለሁ። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ አንድ ወጣት ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ይልና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እታለም፣ ይቺን ነገር ልተዋት ነው። ባንዴ ልቁረጣት ወይስ እየቀነስኩ?" ይለኛል። "ይቺ ነገር" የሚላት ከንፈርና ድድ መካከል የምትሸጎጠውን ነጭ ከረጢት ነው። ብዙ ሰው ስኑስ ይላታል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ "ጠዋት ስንት ሰዓት ትነሳለህ? የመጀመሪያዋን የምትይዛትስ ስንት ሰዓት ላይ ነው?"

ከኋላው ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ ቀሪውን ሁሉ ማስረዳት አይቻልም። ስለዚህ በዝርዝር ጻፍኩት። መንገዱን የሚመርጥላችሁ ሰውነታችሁ ኒኮቲኑን የለመደበት መጠን ነው። እሱ ደግሞ በግምት አይገኝም፤ መቆጠር አለበት።

ማስጠንቀቂያ፦ እነዚህ ሰዎች ብቻቸውን አይጀምሩ

ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት፣ የልብ ሕመም ያለበት፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ወይም ድሮ የነበረበት፣ ለአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ፣ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ። ከእነዚህ አንዱ ከሆናችሁ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄዳችሁ ተማከሩ። ማቆሙ ለእናንተም ይጠቅማችኋል። የሚለየው የመድኃኒቱ ዓይነትና መጠን ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ትንሽ ደብተርና እስክሪብቶ
- ጥብቅ ክዳን ያለው ባዶ ጠርሙስ (የተጠቀማችሁባቸውን ከረጢቶች ማጠራቀሚያ)
- አራት አምስት የወይራ መፋቂያ
- ቆሎ፣ ስኳር የሌለው ማስቲካ፣ የውኃ ኮዳ
- አንድ ፖስታ፣ ለገንዘብ
- እውነቱን የምትነግሩት አንድ ሰው

መድኃኒት ገና አትግዙ። ያስፈልጋችሁ እንደሆነ የሚታወቀው ደረጃ 3 ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ ሦስት ቀን ቁጠሩ፣ ምንም አትቀንሱ

አንዱ የሥራ ወይም የትምህርት ቀን፣ አንዱ የዕረፍት ቀን ይሁን። አንዱ ደግሞ ጓደኛ የምታገኙበት ቀን። እያንዳንዷን ስትይዙ አራት ነገር ጻፉ፦ ሰዓቱን፣ እሽጉ ላይ የተጻፈውን ሚሊ ግራም፣ ምን እያደረጋችሁ እንደነበረ፣ ስንት ደቂቃ እንደያዛችኋት። ስታወጧት ጠርሙሱ ውስጥ ጣሏት።

ጠርሙሱ ለምን አስፈለገ? እጅ ራሱ ነው የሚያነሳት፤ አእምሮ አይመዘግብም። አዘዞ ባጃጅ የሚነዳ አንድ ልጅ "በቀን ስምንት ብትሆን ነው" ብሎኝ ነበር። በአራተኛው ቀን ጠርሙሱን ይዞ መጣ። አብረን ቆጠርን፣ የመጨረሻው ቀን ብቻ 17 ወጣ። ደብተሩ በባጃጁ ዘይት ጥቁር ብሏል። የመጀመሪያው መስመር "12 ሰዓት ከ5፣ አልጋ ላይ" ይላል። ከዚያ በታች "ተራ ስጠብቅ" የሚል ቃል በአንድ ቀን ስድስት ጊዜ ተጽፏል። እነዚያ ስድስቱ ከሥራ መፍታት የመጡ እንጂ የሰውነት ፍላጎት አልነበሩም። በኋላ መጀመሪያ የቀነሳቸውም እነሱን ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የተጠቀማችሁባት ከረጢት ውስጥ ብዙ ኒኮቲን ይቀራል። ትንሽ ልጅ አፉ ውስጥ ቢከታት ይመርዘዋል። ጠርሙሱን ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ቆጥራችሁ ስትጨርሱ ወዲያው አስወግዱት። ልጅ አፍ ውስጥ ካገኛችሁ አውጡና ቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ፤ ለማስመለስ አትሞክሩ።

ደረጃ 2፦ ደብተሩን አንብቡ

ከቁጥሩ ይበልጥ የምመለከተው የመጀመሪያዋን ሰዓት ነው። ኒኮቲን ከደም ውስጥ በየ2 ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ሙሉ ሌሊት ተኝታችሁ ስትነሱ ከማታው የቀረው ጥቂት ነው። ሰውነታችሁ ያንን ጉድለት ችሎ ቁርስ ድረስ ከቆየ ልምዱ ቀለል ያለ ነው። ዓይን ሳይገለጥ እጅ ወደ ትራስ ሥር የሚሄድ ከሆነ ግን ጠንክሯል።

ሦስት ምልክቶችን ፈልጉ፦

- በተነሳችሁ በ30 ደቂቃ ውስጥ ትይዛላችሁ?
- ሌሊት ለእሷ ትነቃላችሁ፣ ወይስ ይዛችኋት ትተኛላችሁ?
- ስትታመሙ፣ ጉሮሯችሁ ቆስሎ እንኳ፣ አትተዋትም?

ጾምም አንድ መለኪያ ነው። በሑዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ በረመዳን ደግሞ እስከ መግሪብ ምንም አፋችሁ ውስጥ ሳታስገቡ የምትውሉ ከሆነ ያ ቀን ምን እንደሚመስል ጻፉ። ራስ ምታት ብቻ ነው? ንዴት? እጅ መንቀጥቀጥ? ማቆሚያችሁን ስታቅዱ የሚጠብቃችሁ ያው ነው፤ አዲስ ነገር አይደለም።

ደረጃ 3፦ መንገዳችሁን ለዩ

እኔ ባንኮኒ ላይ የምጠቀምበት መለኪያ ይሄ ነው።

ሀ. ባንዴ ማቆም። በቀን አምስት ወይም ከዚያ በታች፣ የመጀመሪያዋ ከተነሳችሁ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይታ፣ ከሦስቱ ምልክቶች አንዱም ከሌለባችሁ።

ለ. እየቀነሱ ማቆም። ከስድስት እስከ አሥር፣ ጠዋት ትንሽ መቆየት የምትችሉ፣ ብዙዎቹ ከሥራ መፍታት ወይም ከጓደኛ ጋር የሚያዙ ከሆኑ።

ሐ. በኒኮቲን ምትክ ማቆም። በ30 ደቂቃ ውስጥ የምትይዙ፣ ወይም ከአሥር በላይ፣ ወይም ባንዴ ሞክራችሁ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን የተመለሳችሁ።

መ. በሐኪም ትዕዛዝ የሚወሰድ መድኃኒት። ሐ ሞክራችሁ ያልሆነላችሁ፣ ወይም ሦስቱም ምልክቶች ያሉባችሁ።

በሁለት መካከል ከወደቃችሁ ጠንከር ያለውን እርዳታ ምረጡ። በቂ እርዳታ ሳይዝ ጀምሮ የተመለሰ ሰው ጥፋቱን ራሱ ላይ ያደርጋል፣ ለሚቀጥለው ሙከራ ወኔ ያጣል። እኔ ደጅ ላይ በጣም የሚያሳዝነኝ እሱ ነው።

ደረጃ 4፦ መንገዱን በትክክል ሥሩበት

ሀ ለመረጣችሁ። አሠራሩ አጭር ነው። ቀን ትቆርጣላችሁ፣ ማታውን የቀረውን ሁሉ ታስወግዳላችሁ፣ ጠዋት አትይዙም። ኃይላችሁን ሁሉ ደረጃ 6 እና 7 ላይ አውሉት።

ለ ለመረጣችሁ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በመጀመሪያ የመጨረሻውን ቀን ጻፉ። የመጨረሻ ቀን የሌለው መቀነስ ወር ሲሞላው ተመልሶ እዚያው ነው። አራት ሳምንት ይበቃል። በቀን 8 ከነበረ፦ የመጀመሪያው ሳምንት 6፣ ሁለተኛው 4፣ ሦስተኛው 3፣ አራተኛው 2፣ ከዚያ ዜሮ።

መጀመሪያ የሚወጡት ሥራ ስትፈቱ የምትይዟቸው ናቸው፤ ሰውነት ሳይሆን እጅ ነው የለመዳቸው። የጠዋቷን አትዝለሉ፣ ግን በየሦስት ቀኑ በ20 ደቂቃ አዘግዩዋት።

ሚሊ ግራሙንም ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ለምሳሌ ከ10 ወደ 6፣ ከ6 ወደ 3። ነገር ግን ቁጥሩንና ሚሊ ግራሙን በአንድ ሳምንት አትቀንሱ። ቁልቁለቱ ይበዛና ሐራራው ባንዴ ካቆመ ሰው እኩል ይሆናል።

የተለመደው ስህተት ማካካስ ነው። ቁጥሩ ሲቀንስ አንዷን አንድ ሰዓት ሙሉ መያዝ፣ ወይም 3 ሚሊ ግራም ሁለት አድርጎ መሸጎጥ። ደብተሩ ላይ የደቂቃውን ዓምድ ያስጻፍኳችሁ ለዚህ ነው። ደቂቃው ካደገ አልቀነሳችሁም።

ሐ ለመረጣችሁ። ዋናዎቹ ሁለት ናቸው፦ ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ፕላስተር (ፓች) እና የኒኮቲን ማስቲካ። የሚመጠጥ እንክብልም አለ። ፕላስተሩ ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ ኒኮቲን ይሰጣል፣ ማስቲካው ድንገት የሚመጣውን ሐራራ ይይዛል። ልምዳቸው የጠነከረ ሰዎች ሁለቱን አብረው ይጠቀማሉ። የእነዚህ መድኃኒቶች ጥናት በብዛት የተሠራው በሲጋራ አጫሾች ላይ ነው፤ ስለዚህ መጠኑን ከፋርማሲስት ወይም ከሐኪም ጋር ወስኑ። ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ።

ፕላስተሩ 21፣ 14 እና 7 ሚሊ ግራም ሆኖ ይመጣል፣ ከላይ ወደ ታች እየተወረደ ነው። ጠዋት ንጹሕና ደረቅ፣ ፀጉር የሌለበት ቆዳ ላይ፣ ክንድ ወይም ደረት ላይ ለጥፉት። በየቀኑ ቦታ ቀይሩ፤ አንድ ቦታ ከደጋገማችሁ ቆዳው ይቀላል፣ ያሳክካል። በመቀስ አትቁረጡት። ሕልም ካበዛባችሁ ማታ ልታነሱት ትችላላችሁ። ያነሳችሁትን የሚያጣብቀውን ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ልጅ የማይደርስበት ጣሉ።

ስሌቱ ላይ አትሳሳቱ። "10 ከረጢት በ6 ሚሊ ግራም 60 ነው፣ ስለዚህ ሦስት ፕላስተር ልለጥፍ" ያለኝ ተማሪ አለ። ከረጢቷ ላይ የተጻፈው ሁሉ ደም ውስጥ አይገባም፤ ብዙው እዚያው ይቀራል፣ የተወሰነው ከምራቅ ጋር ይዋጣል። ሚሊ ግራም ለሚሊ ግራም ቀጥታ አይመነዘርም። ከመጠን ያለፈ ኒኮቲን ያቅለሸልሻል፣ ያስመልሳል፣ ያልባል፣ ልብ ያስመታል፣ ያዞራል። ይህ ከታየባችሁ ፕላስተሩን አንሱ፣ ቆዳውን በውኃ ብቻ እጠቡ፣ ወደ ሕክምና ሂዱ።

ማስቲካው እንደ ተራ ማስቲካ አይታኘክም። የመጀመሪያዋን ከረጢት በተነሳችሁ በ30 ደቂቃ ውስጥ የምትይዙ ከሆነ 4 ሚሊ ግራም፣ ካልሆነ 2 ሚሊ ግራም ነው የሚሰጠው። አስተኛኘኩ እንዲህ ነው፦

1. ቀስ ብላችሁ አኝኩ። ሚጥሚጣ የነካው ያህል ምላስ ቆንጠጥ ሲያደርግ አቁሙ።
2. በጉንጭና በድድ መካከል አስቀምጡት። ፓውቿን ከምትሸጉጡበት በተቃራኒ በኩል ይሁን።
3. ቆንጠጥ ማድረጉ ሲጠፋ ሁለት ሦስት ጊዜ አኝኩ፣ ቦታ ቀይራችሁ እንደገና አስቀምጡት።
4. ግማሽ ሰዓት ያህል ይበቃል።

ዝም ብላችሁ ካኘካችሁት ኒኮቲኑ ወደ ሆድ ይወርዳል። ስቅታና ቃር ይሆናል፣ ሐራራው ግን አይወርድም። "አይሠራም" ብለው ከመለሱልኝ ሰዎች አብዛኞቹ ያኘኩት እንደ ሙዝ ማስቲካ ነው።

ቡና ላይ ተጠንቀቁ። ኒኮቲን በአፍ ውስጥ በደንብ የሚገባው አፍ ኮምጣጣ ካልሆነ ነው። ቡና፣ ለስላሳ መጠጥና ብርቱካን አፍን ኮምጣጣ ያደርጋሉ። ከጠጣችሁ በኋላ 15 ደቂቃ ጠብቁ፤ ማስቲካው አፋችሁ ውስጥ እያለም አትጠጡ። እኛ ቤት ቡና ከአቦል እስከ በረካ ከሰዓት በላይ ይቆያል። ስለዚህ ማስቲካውን ቡናው ሳይቀርብ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ጨርሱት።

ለጾመኛ ማስቲካ አይመችም፤ ፕላስተር አፍ ውስጥ አይገባም። ጾሙን ይፈታል አይፈታም የሚለውን ግን የንስሐ አባታችሁን ወይም ሼኻችሁን ጠይቁ።

ከመጀመራችሁ በፊት ለሙሉው ጊዜ የሚበቃ መኖሩን አረጋግጡ። ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይወስዳል። ሁለት ሳምንት ተጠቅሞ መሀል ላይ ማጣት ባንዴ ከማቆም አይለይም፤ ገንዘቡም ይባክናል።

መ ለመረጣችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. ትምባሆ ለማቆም ባወጣው የሕክምና መመሪያ ውስጥ ከኒኮቲን ምትክ ጋር ቫረኒክሊን፣ ቡፕሮፒዮን እና ሳይቲሲን ይገኛሉ። ሐኪም ሳያዝ አይወሰዱም። ቫረኒክሊን እና ቡፕሮፒዮን ከማቆሚያው ቀን ከአንድ ሳምንት በፊት ገደማ ይጀመራሉ፣ ስለዚህ ቀኑን ለሐኪሙ አስቀድማችሁ ንገሩት። ቡፕሮፒዮን የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው አይሰጥም። ቫረኒክሊን ያቅለሸልሻል፤ ምግብ በልታችሁ በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ከወሰዳችሁት ይቀልላል። የጓደኛን መድኃኒት ተካፍላችሁ አትውሰዱ።

ደረጃ 5፦ ቀን ቁረጡ

ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይሁን። ከዚያ ከራቀ ይረሳል። ተማሪ ከሆናችሁ የፈተና ሳምንት አይሁን፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሐሳብ መሰብሰብ ያስቸግራል። ጥር ላይ ከሆናችሁ ከጥምቀትና ከሠርጉ በኋላ አድርጉት። ከተማው በእንግዳ ተሞልቶ፣ እንቅልፍ ሳይኖር፣ ጠላና ቢራ በየቤቱ እየተቀዳ ሦስተኛውን ቀን ማለፍ ይከብዳል።

ደረጃ 6፦ ማታውን ቤቱንና አፉን አዘጋጁ

ጃኬት ኪስ፣ ቦርሳ፣ ትራስ ሥር፣ የመኪና መሳቢያ፣ ሁሉንም ፈትሹ። "ለክፉ ቀን" ብላችሁ አንዲት እሽግ አታስቀሩ። ያ ክፉ ቀን ሦስተኛው ቀን ነው፣ እሷም ትታወሳችኋለች።

ከንፈራችሁን ገልብጣችሁ በመስታወት እዩ። የምትሸጉጡበት ቦታ ነጣ ብሎ፣ ተጨማዶ ወይም ድዱ ሸሽቶ ይሆናል። በስልክ ፎቶ አንሱት። ሁለት ሳምንት ከተዋችሁ በኋላ እንደገና አንሱ። ያልዳነ ቁስል ወይም ነጭ ነገር ካለ ጥርስ ሐኪም ይየው።

ለአንዱ ሰው "ነገ አቆማለሁ፣ ሦስት ቀን ብነጫነጭ ታገሠኝ" በሉት። ነገረኛ የሆናችሁበትን ምክንያት የሚያውቅ ሰው ቤት ውስጥ ሲኖር ጠብ አይነሳም።

ደረጃ 7፦ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ሐራራው በመጀመሪያው ቀን ይጀምራል፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይበረታል፣ ከዚያ እየላላ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ይቀልላል። ንዴት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ መቅበጥበጥ፣ ረኃብ፣ ድብርት ይኖራል። የሆድ ድርቀትም ይመጣል፣ ኒኮቲን አንጀትን ያነቃቃ ስለነበር። ውኃ፣ ፓፓያ፣ ሽሮና አትክልት አብዙ።

አንድ የሐራራ ማዕበል ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም። ውል ሲላችሁ ሰዓት እዩና 10 ደቂቃ ያዙ። በእነዚያ ደቂቃዎች፦

- መፋቂያ አፋችሁ ውስጥ አድርጉ። ከንፈርና ድድ የሚፈልጉት የሚነካካቸው ነገር ነው፤ ከማስቲካ ይልቅ መፋቂያው ቦታውን ይሞላል። ድዳችሁ ከቆሰለ ግን ቆሎና መፋቂያውን ተዉ፣ በጨው ውኃ ተጉመጥሙጡ።
- ከተቀመጣችሁበት ተነሱ። አንዷን የጎንደር ዳገት በፍጥነት ውጡ። ትንፋሽ እየቆረጠ ሐራራ ማዳመጥ አይቻልም።
- ለነገራችሁት ሰው ደውሉ።

የእሽግ መግዣውን በየቀኑ ፖስታው ውስጥ ክተቱ። በሳምንቱ ቁጠሩት።

ሲጋራም አብራችሁ ታጨሱ ከነበረና ሁለቱንም ከተዋችሁ ቡና ቀንሱ። የሲጋራ ጭስ ጉበት የቡናውን ካፌይን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርግ ነበር። ጭሱ ሲቆም ያው ሦስት ስኒ ሁለት እጥፍ ያህል ሊሰማችሁ ይችላል፤ ልብ መምታቱንና እንቅልፍ ማጣቱን ሐራራ ይመስላችኋል።

በሲጋራ፣ በሺሻ ወይም በጫት አትተኩት። ቢራ ለሁለት ሳምንት ይቅር፤ ሞቅ ሲል ቃል ይረሳል።

ማስጠንቀቂያ፦ ድብርቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ፣ የዚያኑ ቀን ሕክምና ሂዱ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው።

ደረጃ 8፦ ከተሰናከላችሁ

አንዲት ብትይዙ አውጥታችሁ ጣሉ፣ ሰዓቱንና ምክንያቱን ደብተሩ ላይ ጻፉ፣ በዚያው ቀን ቀጥሉ። ፕላስተር ላይ ከሆናችሁ ፕላስተሩን አታቋርጡ፤ ያሰናከላችሁ ፕላስተሩ አይደለም። "አንዴ ተበላሽቷል" ብሎ እሽጉን መጨረስ ነው ወደ ኋላ የሚመልሰው።

በአንድ ሳምንት ሦስት ቀን ከተሰናከላችሁ ግን መንገዱ አንሷችኋል። ከሀ ወደ ሐ፣ ከሐ ወደ መ ከፍ በሉ። ወደ መድኃኒት ቤት ወይም ወደ ሐኪም ስትሄዱ ደብተሩንና ከዚህ በፊት የሞከራችሁትን መድኃኒት ማሸጊያ ይዛችሁ ሂዱ። የትኛው ሰዓት ላይ እንደምትሸነፉ ከዚያ ይታያል፣ መጠኑም በዚያ ይስተካከላል።